የሰፈራችን ሜዳ ሊታደስ ነው፤ ታሪኩን የምታውቁ ኑ

ቁጥር 4
ሰላም ጀማው። ቅዳሜ ጠዋት ከኳስ በኋላ ሻይ ቤቷ በር ላይ ቁጭ ብለን ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። ሜዳውን ለኩ፤ 90 በ60 ነው ሲባባሉ ሰማሁ። የቅርጫት ኳሱን ሜዳ ፎቶ አነሱት። የመረብ ኳሱን ምሰሶ አንዱ ነካ ሲያደርገው እንደ ወተት ጥርስ ተነቃነቀ፣ ሁለቱም ሳቁ። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ «እድሳት ሊጀመር ነው፣ በቅርቡ የሰፈሩ ሰው ተጠርቶ ይወያያል» አሉኝ።

እንግዲህ ስብሰባው ላይ ባዶ እጃችንን ሄደን አጨብጭበን ከምንመለስ እዚህ ቀድመን ብንነጋገር ብዬ ነው። አንደኛ ነገር ታሪኩን አላውቅም። እዚያ ሜዳ ላይ ነው ያደግኩት፣ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ሁሉ የዚያ ሜዳ ነው፣ ግን ማን እንደሠራው ብትጠይቁኝ ዝም ነው። አንዱ ጣሊያን ይላል፣ አንዱ ደርግ። ሁለተኛ፣ ምን ይታደስ? እኔ አርቴፊሻል ሣር ቢነጠፍልን ነው የምለው። ባለፈው ሐምሌ አንድ እግር ታኬታዬ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ፈልጌ አጣሁት፣ እስካሁን እዚያው ነው።

ባጃጅ
ጣሊያን ነው የሠራው። አባቴ ነው የነገረኝ። አለቀ።

አሮጌ በረኛ
ልጄ ባጃጅ፣ አባትህን አከብራለሁ ግን አላለቀም።

ጅማ ላይ ያረጀ ነገር ሁሉ ለጣሊያን ይሰጣል። ጣሊያን ከ1928 ጀምሮ እዚህ በቆየባቸው አምስት ዓመታት ከተማዋን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጓት ስለነበር ብዙ ነገር ሠርቷል፣ ፈረንጅ አራዳ ሄዶ ማየት ነው። ይሄ ሜዳ ግን የሱ አይደለም። እኔ ልጅ ሆኜ ቦታው የአንድ ባለርስት ባሕር ዛፍና የላም መዋያ ነበር። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ቦታው የመንግሥት ሆነ፣ ቀበሌ ተቋቋመ፣ ቀበሌውም ለወጣቱ ይሁን አለ። ተሰጠን እንጂ አልተሠራልንም። ጉቶውን የነቀልነው እኛ ነን። እሁድ እሁድ ዶማና አካፋ ይዘን እንወጣለን፣ እናቶች ቆሎና ቡና ያመጣሉ፣ ያልመጣ ልጅ ኳስ አይጫወትም። አንድ ትልቅ ጉቶ እምቢ ብሎን ከርሞ ነበር፣ ሦስት እሁድ ፈጀ። እሱ የነበረበት ቦታ ዛሬም ከማዕዘኑ አጠገብ ሰርጉዶ ይታያል።

ጎሉ መጀመሪያ የባሕር ዛፍ እንጨት ነበር። ኋላ አንድ በያጅ የውሃ ቱቦ በጥሶ የብረት ጎል ሠራልን። ያ ጎል ትልቅ ነበር። ከሕጉ ይሰፋል። ይሄን ስል 40 ዓመት ሆኖኛል፣ እስካሁን የሚያምነኝ የለም።

የቅርጫት ኳሱ የመጣው ኋላ በወጣት ማህበሩ ጊዜ ነው። ከጎኑ አዳራሹ ነበር፣ የኪነት ቡድኑ እዚያ ይለማመዳል። ማታ ማታ እነሱ ከበሮ ሲመቱ እኛ በከበሮው እንሮጣለን። ከበሮው ሲቆም እኛም ደክሞን እናርፋለን።

ቁጥር 4
ጋሼ እድሜ ይስጥልን! ይሄን ሁሉ ይዘው ዝም ብለው ኖሩ? ግን ጎሉ ይሰፋ ነበር የሚለውን ትንሽ… 😄

አሮጌ በረኛ
ሳቅ። አንተም በረኛ ብትሆን ይገባህ ነበር።

ሚሚ መረብ
ታሪክ ሲጻፍ ኳስና ወንድ ብቻ እንዳይሆን እኔም ልግባ። በዚያ ሜዳ የሴቶች መረብ ኳስ ነበረን። አራት ዓመት ተጫውቻለሁ። የሴት መረብ ከፍታው 2 ሜትር ከ24 ነው፣ የወንድ 2 ሜትር ከ43። ምሰሶው ላይ የተበየደው መንጠቆ ግን የወንዱ ብቻ ነው። እናስ? መረቡን በገመድ ወደ ታች ጎትተን በነጠላ ጫፍ እናስረዋለን። ጨዋታው ሲሞቅ ነጠላው ይፈታና መረቡ ብድግ ይላል፣ የመታሽው ኳስ ሥሩ ያልፋል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። አሠልጣኛችን ነጠላው ሲፈታ ነጥቡ ይደገም የሚል ሕግ አወጣልን፣ እሱንም እየተጣላንበት ኖርን።

አሁን ስለ እድሳቱ። ሣሩ አርቴፊሻል ሆነ፣ ሰርዶ ሆነ፣ እሱን እናንተ ተጨቃጨቁበት። እኔ የምፈልገው ሽንት ቤት ነው። የሚቆለፍ በር ያለው፣ ውሃ ያለው። ልብስ የምንቀይርበት አንዲት ክፍል። እኛ የምንቀይረው እትዬ ጓሮ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና። እሳቸው ሲያርፉ ግማሹ ቡድን ቀረ። የታመመ ወይ የተጣላ ሰው የለም፣ የምንቀይርበት ስላጣን ነው የቀረነው። ዛሬ ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ እዚያ ሜዳ ሄዳ አታውቅም።

ጠዋት ሯጭ
ሚሚ ልክ ነሽ። እኔ በየቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ዙሪያውን የምዞረው ሰውዬ ነኝ። ስኳር አለብኝ፣ ሐኪሙ ተራመድ አለኝ። ከእኔ ጋር የሚዞሩ ሰባት ስምንት እናቶች አሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በሸራ ጫማ። አደራችሁን ዙሪያውን አትርሱን። ሬድ አሽ፣ ያ ቀዩ ጠጠር፣ ቢፈስስበት እንኳ ይበቃናል።

ሲሚንቶ
ሥራዬ ኮንስትራክሽን ነው፣ ፎርማን ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ልናገር፣ ረዘም ካለም ይቅርታ።

ያ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ለምን እንደተሰነጣጠቀ ታውቃላችሁ? ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ኮንትራክተር መጥቶ በአሮጌው ላይ አዲስ ኮንክሪት ያፈሰሰ ጊዜ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። በአንድ ቀን ሞልተው በማግስቱ ጠፉ። ኮንክሪት ተፈስሶ አይተውም። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣል፣ እርጥብ ጆንያ ይለብሳል፣ ሙሉ ጉልበቱ የሚለካው 28 ቀን ሲሞላው ነው። እነሱ በማግስቱ ሄዱ፣ በሦስተኛው ቀን ልጆች ይዘሉበት ጀመር፣ ፀሐዩም የራሱን ሠራ።

ይሄ ግን ትንሹ ጥፋት ነው። ትልቁ ከሥር ነው። ሜዳው ወደ አዌቱ ወንዝ ባዘነበለው በኩል አፈሩ ዋልካ ነው፣ እኛ ሳይት ላይ ብላክ ኮተን የምንለው። በጋ ይሰነጠቃል፣ እጅ ያስገባል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በየዓመቱ እየተነሳና እየወረደ የተቀመጠበትን ሁሉ ይሰብራል፣ ሜዳም ሆነ አጥር ሆነ ግድግዳ። እዚያ ላይ ኮንክሪት ማፍሰስ ማለት የሚተነፍስ ሰው ሆድ ላይ ሰሃን እንደ ማስቀመጥ ነው። መቆፈር አለበት፣ ዋልካው ወጥቶ ሰሌክት፣ ማለትም የማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ መሞላት አለበት፣ በየደረጃው መጠቅጠቅ አለበት። ቅርጫት ኳስ 28 በ15 ነው፣ ያን ያህል የሚያስፈራ ሥራ አይደለም።

አርቴፊሻል ሣርም ያው ነው ቁጥር 4። አንተ የምታየው ላዩን ነው። ከሥሩ ጠጠርና ውሃ ማስወገጃ ከሌለው ምንጣፉ ዋልካ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። በሁለተኛው ክረምት እንደ አሮጌ ሶፋ ይጎረብጣል።

ቁጥር 4
እሺ ግን ሲሚንቶ ወንድሜ፣ ሁልጊዜ ከሥር ከሥር እየተባለ ላዩን ሳናይ ልናረጅ ነው። በ2013 ፕሪሚየር ሊጉ በዙር እየተዘዋወረ ሲካሄድ ጅማም ተራ ደርሷት ነበር፣ ከዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ጨዋታው በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ ሻይ ቤት ሆኜ አያለሁ። ከኛ ሰፈር በባጃጅ የሚደረስ ቦታ ነው እኮ! አረንጓዴ ሜዳ በቴሌቪዥን አይቼ ወጥቼ እኛ ሜዳ ጭቃ ላይ ቆምኩ። ታዲያ ብመኝ ምን አለበት?

ደግሞ ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን የበላ ጊዜ ሰፈሩን ታስታውሳላችሁ? ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት። አጥቂው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አግብቶ። እኛ ሜዳ ላይ በዚያ ክረምት ስሙ ኦኪኪ ያልሆነ ልጅ አልነበረም። አንድ ቡድን ውስጥ አምስት ኦኪኪ። «ኦኪኪ አቀብል!» ስትል አምስቱም ይዞራሉ። ከዚያ 2014 ላይ ክለቡ ወረደ። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጎረምሳ ናቸው፣ ግማሾቹ ከረምቡላ ቤት ናቸው።

ሰርዶ
እኔ የእርሻ ኮሌጅ ልጅ ነኝ፣ ስለ ሣር ዝም ማለት አልችልም።

ጎበዝ፣ በየስታዲየሙ «ቤርሙዳ ሣር» እየተባለ የሚተከለው ዘሩ የኛው ሰርዶ ነው። ያው አጥር ሥር በቅሎ የምትነቅሉት። ለእግር ኳስ እንዲሆን የተመረጡና የተዳቀሉ ዓይነቶች አሉት እንጂ ቤተሰቡ አንድ ነው። እየተረገጠ የሚበረታ፣ ቢቆረጥ ከሥር የሚመለስ፣ በመሬት ላይ እየሳበ የተቦረቦረውን ራሱ የሚሸፍን ሣር ነው። በእጅ ቆርጠህ እፍኝ እፍኝ እያደረግህ ክረምት መግቢያ ላይ ትተክለዋለህ፣ ከዚያ ማንም አይገባበትም። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። እኛ ሜዳ መቼ ሰው ጠፍቶበት ያውቃል?

አርቴፊሻሉ ጥሩ ነው፣ አልጠላም። ግን ዕድሜው በደህና ጊዜ 8 ወይ 10 ዓመት ነው፣ ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው፣ ሲያልቅ ደግሞ በዶላር ነው። ፀሐይ ሲመታው ይግላል። ጥቁሩ የጎማ ፍርፋሪ በዝናብ ታጥቦ የት ይሄዳል? ወደ አዌቱ። ያ ውሃ ደግሞ የማን ጓሮ እንደሚገባ ታውቃላችሁ።

ጠዋት ሯጭ
አንድ ነገር ማንም አላነሳም። የእድሩ ድንኳን የት ሊተከል ነው? ሐዘን ሲሆን ሜዳው ላይ ነው የምንተክለው፣ ሠርግም እዚያው ነው። ካስማው አርቴፊሻል ሣር ላይ ከተመታ በስቶት ነው የሚሄደው። ካስማ አትምቱ ስትሉን ደግሞ ሐዘንተኛ የት ይቀመጥ? ሜዳ ለኳስ ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል ልጆች።

ሚሚ መረብ
ይሄ እውነት ነው። የእናቴ ለቅሶ እዚያ ሜዳ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ልጆቹ ያን ሦስት ቀን ኳስ አልተጫወቱም፣ ማንም አላዘዛቸውም። ዳር ዳር ቁጭ ብለው ብይ ሲጫወቱ ትዝ ይለኛል።

ቁጥር 4
ስለ ካስማው አላሰብኩም። ልክ ነው።

ሌላም የሰማሁት ነገር አለ። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ሰፈራቸው ሜዳ አርቴፊሻል ሣር ተነጥፎለት አጥርና በር ገባለት፣ አሁን በሰዓት ነው የሚከራየው። እሱና ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ማታ 2 ሰዓት ላይ ተራ ይዘው ይጫወታሉ። ሜዳው ያምራል አለኝ፣ አሥር ዓመት የሆናቸው ልጆች ግን በሽቦው እያዩ ነው የሚያድጉት። ይሄን ሲለኝ ትንሽ ቀዘቀዝኩ። እኔ በአሥር ዓመቴ ብር የሚባል ነገር ኪሴ ገብቶ አያውቅም።

ባጃጅ
እኔም አንድ ነገር ልበል፣ ከጣሊያኑ ሌላ 😄

እኔ በቀን 20 ጊዜ በዚያ መንገድ አልፋለሁ። ውሃው ድሮ እንዲህ አይተኛም ነበር። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ መንገዱ ከሜዳው ከፍ አለ። ድሮ ቦዩ በእድሩ ዕቃ ቤት በኩል ዞሮ ወደ ወንዙ ነበር የሚወርደው። አሁን አፉ በሃይላንድ ጠርሙስና በአፈር ተደፍኗል፣ ስለዚህ ከላይ ሰፈር የሚወርደው ውሃ ሁሉ መንገዱን ተከትሎ መጥቶ በሜዳው በር ይገባል። ትናንት ዝናብ ሲጥል ቆሜ አየሁት። በበሩ ነው የሚገባው፣ እንደ ሰው። ጋሼ በረኛ የሚቆሙበት ጎል ጋ ሄዶ ይተኛል።

ደግሞ ልናዘዝ፣ ባጃጄን እዚያው በር ላይ ነው የማጥበው። ትቻለሁ ከዛሬ ጀምሮ።

ሲሚንቶ
ባጃጅ አንተ መሐንዲስ ነህ! ቁጥር ይዛችሁ ስብሰባ እንድትገቡ ልስጣችሁ። ጅማ በአማካይ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ሜዳው 90 በ60 ከሆነ 5,400 ካሬ ነው። ስለዚህ ከላይ ከሰማይ ብቻ በዓመት 8,100 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርድበታል። በባለ 200 ሊትሩ በርሜል ከ40 ሺህ በላይ ነው። ይሄ እንግዲህ በበሩ የሚገባውን ሳይጨምር ነው። በበሩ የሚገባው ከዚያ ቢበልጥ አይገርመኝም።

ሥራው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቦዩ ይከፈት፣ ይሄ ጨረታ አይፈልግም፣ አካፋ ነው የሚፈልገው። ቀጥሎ መሃሉ ከፍ ይበል፣ ከመሃል እስከ ዳር 30 ሜትር ነው፣ በመቶ አንድ ተዳፋት ብንሰጠው መሃሉ በ30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ማለት ነው፣ በዓይን አይታይም፣ ውሃ ግን ያየዋል። ከዚያ በየተወሰነ ሜትሩ ቦይ ተቆፍሮ የተበሳሳ ቱቦ ይቀበራል፣ በላዩ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ አሸዋ። ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሰርዶም ተከላችሁ አርቴፊሻልም አነጠፋችሁ ሜዳው ይቆማል።

ሰርዶ
በዚህ ተስማምተናል። ግማሹን በመጀመሪያው ክረምት እንተክል፣ ግማሹ ላይ ይጫወቱ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይገላበጥ። ሙሉውን ከዘጋችሁት ልጆቹ በሌሊት ይገቡበታል፣ እኔም ልጅ ሆኜ እገባ ነበር።

አሮጌ በረኛ
ውሃው የሚተኛበት ጎል እኔ የምቆምበት ነው ያልከው እውነት ነው ባጃጅ። ድሮም ትንሽ ይተኛ ነበር፣ ግን ቁርጭምጭሚት አይደርስም። አዝመራ ካለቀ በኋላ የሚጣል የቡና ጆንያ አምጥቼ አነጥፍና እሱ ላይ እቆም ነበር። ወደ ግራ ስወረወር ጆንያው አብሮኝ ይሄዳል። ወደ ቀኝ ስወረወር ይቀራል። አጥቂዎቹ ይሄን አውቀው ሁሌ በቀኝ ነው የሚመቱት፣ ምክንያቱን እስካሁን አልገባኝም ነበር፣ አሁን ስጽፈው ገባኝ።

ቁጥር 4
😂😂 ጋሼ!

በሉ ስብሰባው ላይ የምንለውን ይዣለሁ። ቦዩ፣ ዋልካው፣ የሴቶች ክፍልና ሽንት ቤት፣ ሁለት ከፍታ ያለው የመረብ ምሰሶ፣ ዙሪያው ሬድ አሽ፣ ለድንኳን የሚተው አንድ ጥግ። በሩ ለልጆች በነጻ ክፍት እንዲሆን ደግሞ በጽሑፍ። ቦዩን ግን ስብሰባ አንጠብቅለትም፣ እሁድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካፋ ያለው ይምጣ።

ሚሚ መረብ
እሁድ እመጣለሁ፣ ልጄንም ይዤ። ቡና በእኔ።

ሲሚንቶ
የእሁዱን ላውራችሁ። 14 ሰው መጣ። ከቦዩ አፍ ሁለት ጋሪ ሙሉ ጠርሙስ አወጣን፣ ሦስት የተቀደደ ኳስና አንድ እግር ታኬታም አለበት። ቁጥር 4 ያንተ ነው፣ ጥርሱ ጎድሏል ግን አለ።

ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ቦዩን ተከትለን በእድሩ ዕቃ ቤት ጀርባ ስንቆፍር ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገባን፣ ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁት። ቆርቆሮውን የተሸከመው ብረት ቱቦ ነው። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። በጥፍሬ ስፍቀው ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ነጭ። ከአንደኛው ጫፍ 6 ሜትር ላይ የብየዳ ጠባሳ አለው፤ ቱቦ በ6 ሜትር ነው የሚሸጠው፣ በያጁ ቀሪውን ቀጥሎበታል። ጋሼ አጠገቤ ነበሩ። ዝም ብለው እጃቸውን ሰቅለው ነኩት። የጎሉ አግዳሚ ነው።

ቁጥር 4
ሜትር አልነበራችሁም እንዴ?!

ሲሚንቶ
ፎርማን ያለ ሜትር ይወጣል? ለካሁት። 7 ሜትር ከ51 ሳንቲ ሜትር። የጎል ስፋት በሕጉ 7 ሜትር ከ32 ነው።

አሮጌ በረኛ
አርባ ዓመት!!! 19 ሳንቲ ትርፍ!!! ሰምታችኋል?

ሲሚንቶ
ጋሼ ቆይ ይቅርታ። ሕጉ የሚለካው ከቋሚ እስከ ቋሚ በውስጥ በኩል ነው። አግዳሚው ደግሞ በሁለቱ ቋሚዎች ራስ ላይ ነው የተጋደመው፣ የብየዳው ምልክት በሁለቱም ጫፍ ሥር አለ። ቱቦው ባለ 3 ኢንች ነው፣ አንዱ 9 ሳንቲ ይሆናል። ሁለቱን ቋሚ ቀንሱ፣ 18። ስለዚህ ጎሉ 7 ሜትር ከ33 ነው።

አሮጌ በረኛ
አንድ ሳንቲ ትርፍ አለው ማለት ነው?

ሲሚንቶ
አንድ ሳንቲ አለው ጋሼ።

አሮጌ በረኛ
በእሷ ነው የገባብኝ።